መሪጌታ «ወጣ» ወይስ «ወጡ»? የቅርብ ሦስተኛ መደብ ተራኪ ባለ አንጻሩን ገጸ ባሕርይ ምን ብሎ ይጥራው?

አኅጽሮት፦ በሦስተኛ መደብ እየተተረከ በአንድ ገጸ ባሕርይ ዓይንና ልቡና በሚጓዝ ልብ ወለድ፣ ተራኪው ያንን ሰው ምን ብሎ ይጥራው የሚለው ጥያቄ በአማርኛ ከስም ምርጫ አስቀድሞ የግስ ምርጫ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የአንቱታ ቅርፅ የትረካን ቅርበት እንዴት እንደሚገታ ያሳያል፤ በዕድሜና በማዕርግ የከበሩ ሰዎችን ከውስጥ ለመተረክ የሚያስችሉ መንገዶችንም ያመለክታል።

1. የጥያቄው ቦታ

የቅርብ ሦስተኛ መደብ ትረካ ሁሉን አወቅ ከሆነው ትረካ የሚለየው፣ ተራኪው ከአንድ ገጸ ባሕርይ ዕይታ አልፎ ባለመሄዱ ነው። ይህን ገጸ ባሕርይ «ባለ አንጻር» እንበለው። የእንግሊዝኛ የድርሰት መምሪያዎች በዚህ ረገድ ጸሐፊውን የሚያስመርጡት በስምና በተውላጠ ስም መካከል ነው። አማርኛ ግን ባለቤቱን በግሱ ውስጥ ይዞ ስለሚሄድ ተውላጠ ስሙ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። «እርሱ ሄደ» ሲባል «ሌላው ሳይሆን እርሱ» የሚል ንጽጽር ይሰማል። ስለዚህ በአንድ ትዕይንት ውስጥ ስሙ አንድ ጊዜ ከተነሣ በኋላ ባለ አንጻሩን የሚጠራው ግሱ ነው።

ግሱ ግን ገለልተኛ አይደለም። ተራኪው «ወጣ»፣ «ወጣች» ወይም «ወጡ» ከማለት በቀር አራተኛ ምርጫ የለውም። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሲጽፍ ከባለ አንጻሩ ጋር ያለውን ዝምድና፣ ፈለገም አልፈለገም፣ ተናግሯል።

2. በዛብህ «አለ»፣ ፊታውራሪ «አሉ»

ሐዲስ አለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ለዚህ ጥናት የቅርብ ምሳሌ ነው። ታሪኩ ከማንኩሳ ተነሥቶ ወደ ዲማ ጊዮርጊስ ያመራል፤ ዲማ ደግሞ በቢቸና አካባቢ ያለ፣ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የታወቀ ደብር ነው። ተራኪው ሁሉን አወቅ ቢሆንም ለወጣቱ በዛብህ ተራውን ቅርፅ፣ ለፊታውራሪ መሸሻ ደግሞ የአንቱታውን ቅርፅ ይጠቀማል። የአንባቢው ጆሮ ይህን እንደ ተፈጥሯዊ ነገር ይቀበለዋል፤ የአገሩ ሰው የሚናገረው እንደዚያ ነውና።

ስሞቹም የየራሳቸው ተናጋሪ አላቸው። «በዛብህ» ወላጅ ለልጅ የተናገረው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ባለስሙን «አንተ» ብሎ ያነጋግረዋል። «ካሣ» የጠፋን የሚተካ ማለት ነው፤ ይህም የቤተሰብ ቃል ነው። «ጉዱ» የሚለው ቅጽል ግን የማኅበረሰቡ ፍርድ ነው። ተራኪ «ጉዱ ካሣ» ባለ ቍጥር የሁለት ወገን ድምፅ ያሰማል። ካሣን ባለ አንጻር አድርጎ ከውስጥ የሚተርክ ደራሲ ቢኖር፣ «ጉዱ»ን ማስቀረት ይገባው ነበር፤ ሰው ራሱን በሌሎች ፍርድ አይጠራምና፤ ፍርዱን ተቀብሎ ካልሆነ በቀር።

ከዚህ አንድ መርሕ ይወጣል። በቅርብ ትረካ ውስጥ የሌሎች ሰዎች አጠራር የባለ አንጻሩን ዝምድና ይከተላል፤ አገልጋዩ የሚያያቸው ፊታውራሪ «መጡ»፣ እናታቸው የሚያዩት ልጅ ግን «መጣ»። ስለዚህ በአንድ ልብ ወለድ ውስጥ አንጻር ሲለወጥ ግሱም አብሮ ሊለወጥ ይችላል። አንባቢ በማን ዓይን እንደሚያይ ያለ ሌላ ማስታወቂያ ይረዳል።

3. የአንቱታ ዋጋ

ችግሩ የሚነሣው ባለ አንጻሩ ራሱ አንቱ የሚባል ሰው ሲሆን ነው። ለማሳያ በመርጡለ ማርያም የሚያስተምሩ አንድ አረጋዊ የቅኔ መምህር እናስብ። ተማሪዎቻቸው «የኔታ» ይሏቸዋል፤ ካህናቱ «መሪጌታ»፤ በቍርባንና በጸሎት የሚጠሩት በክርስትና ስማቸው ነው፤ በሕይወት ያሉ ታላቅ እኅታቸው ደግሞ በልጅነት ስማቸው። እርሳቸው ግን በልባቸው ሲያስቡ ለራሳቸው አንቱ አይሉም። የሚከተሉት ሦስት ምሳሌዎች ለዚህ ጽሑፍ የተዘጋጁ ናቸው።

ሀ) «መሪጌታ ከማኅሌት ወጡ። ብርዱ አጥንታቸው ድረስ ገባ። ተማሪዎቹ ዛሬም ዘገዩ ሲሉ አሰቡ።»

ለ) «ከማኅሌት ወጣ። ብርዱ አጥንቱ ድረስ ገባ። ተማሪዎቹ ዛሬም ዘግይተዋል።»

ሐ) «መሪጌታ ከማኅሌት ወጡ። ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ተማሪዎቹ ዛሬም የሉም። በዚህ ጉልበት እስከ መቼ ላስተምር?»

በ«ሀ» ተራኪው እጅ ነሥቶ የቆመ ልጅ ነው። ጨዋ ነው፤ ነገር ግን ከደጅ አልገባም። ሰዋስዋዊ ዋጋም አለው። የአንቱታ ቅርፅ ከብዙ ቍጥር ጋር አንድ ስለሆነ «ወጡ» የሚለው መምህሩን ይሁን ተማሪዎቹን ያሻማል። የጾታ ልዩነትንም ያጠፋል፤ መሪጌታም «አሉ»፣ እማሆይም «አሉ» ነው። ተራው ቅርፅ «አለ» እና «አለች» ብቻ ብሎ ሁለት ተነጋጋሪዎችን ያለ ስም ይለያል። የአረጋውያን ባልና ሚስት ትረካ ግን በየዓረፍተ ነገሩ ማዕርግ ወይም ስም መደጋገም ይገደዳል። በዚህ ምክንያት አክብሮት የበዛበት ትረካ በስም ይጨናነቃል።

በ«ለ» ቅርበቱ ሙሉ ነው፤ ግን ያልተዘጋጀ አንባቢ ድፍረት ሊመስለው ይችላል። ሆኖም ተራው ቅርፅ ሁልጊዜ ንቀት አለመሆኑን ቋንቋው ራሱ ይመሰክራል። አማኙ በጸሎቱ ፈጣሪውን «አንተ»፣ እመቤታችንን «አንቺ» ይላል። ከሁሉ የሚልቀው በተራው ቅርፅ የሚጠራው ክብሩ ስላነሰ ሳይሆን፣ በዚያ ቦታ ቅርበት ከሥርዓት ስለሚቀድም ነው። መርጡለ ማርያም በስሟ የምትጠራው እመቤት «አማለደች» ትባላለች፤ ከደብሩ ታሪክ ጋር ስማቸው የሚነሣው ንግሥት እሌኒ ግን «አሠሩ» ቢባሉ ማንም አይደነቅም። ደራሲው ይህን ነባር ልማድ መሠረት ማድረግ ይችላል። ውሉን ግን ከመጀመሪያው ገጽ ማሰርና እስከ መጨረሻው መጠበቅ አለበት፤ መሐል ላይ ከ«ወጣ» ወደ «ወጡ» የዘለለ ትረካ ሁለት ሰው የገባ ያስመስላል።

«ሐ» መካከለኛው መንገድ ነው። ማዕርጉና አንቱታው አንድ ጊዜ ይነሣሉ፤ ከዚያ በኋላ ባለ አንጻሩ የግስ ባለቤት የማይሆንባቸው ዓረፍተ ነገሮች ይከተላሉ። «አጥንታቸው» የነበረው «አጥንት» ሆኗል። ሐሳቡም በአንደኛ መደብ ይመጣል። ይህ ከውጭ የተቀዳ ዘዴ አይደለም፤ አማርኛ «ልሂድ አለ»፣ «ምን ላድርግ ብሎ አሰበ» እያለ የሰውን ሐሳብ በራሱ አንደበት የመጥቀስ ጥንታዊ ጠባይ አለው። ደራሲው «ብለው አሰቡ» የሚለውን ማሠሪያ ብቻ ነው ያስቀረው።

4. ስም በአዋጅ ሲለወጥ

የታሪክ ልብ ወለድ ጥያቄውን ያከብደዋል። የጎጃሙ ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ነገሡ። እርሳቸውን ባለ አንጻር የሚያደርግ ደራሲ ስሙን በየትኛው ገጽ ይለውጥ? አዋጁ የሕዝቡን አጠራር በአንድ ቀን ይለውጣል፤ የሰውየውን ልብ ግን በዚያ ፍጥነት አይለውጥም። ከውጭ ለሚያይ ተራኪ ለውጡ በንግሥና በዓሉ ዕለት ቢሆን ተገቢ ነው። ከውስጥ ለሚተርክ ግን «አዳል» የሚለው ስም መቼ እንደሚቀር መወሰን ራሱ የታሪኩ አካል ነው። አቤ ጉበኛ ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ለጻፉት ልብ ወለድ የሰጡት «አንድ ለእናቱ» የሚል ርእስ ተመሳሳይ ምርጫ ነው፤ የዘውድ ስምን ትቶ ንጉሠ ነገሥቱን በእናት ዓይን ይጠራል።

5. ማጠቃለያ

እንደ «ከአድማስ ባሻገር»ው አበራ ያለ የከተማ ወጣት በተራው ቅርፅ በቀላሉ ከውስጥ ሊተረክ ይችላል። ለመምህሩ፣ ለእማሆይዋ፣ ለሽማግሌው ሲሆን ግን ሰዋስው በሩ ላይ ይቆማል። ደራሲው ይህን ሳያስተውል ከቀረ፣ ወጣቶች ልብ ያላቸው፣ አረጋውያን ግን ልብስና ማዕርግ ብቻ ያላቸው ድርሰት ይጽፋል። ስለዚህ ተመራማሪው አንድን ልብ ወለድ ሲመረምር የስም ዝርዝር ብቻ አይያዝ፤ ግሶቹን ይቍጠር፤ «አለ» እና «አሉ» የት እንደሚለዋወጡ፣ ሐሳብ ከማን አፍ እንደሚወጣ ይመልከት። ደራሲውም ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር በፊት ሁለት ነገር ይወስን፦ ይህ ሰው በገዛ ልቡ ራሱን ምን ብሎ ይጠራል? ተራኪዬስ ከእርሱ ጋር አንተ ለመባባል የሚያበቃ ቅርበት አለው? መልሱ «የለውም» ከሆነ፣ ከደጅ ቆሞ የሚያከብር ተራኪ መምረጥ ነውር አይደለም፤ ነገር ግን ያ ትረካ ከደጅ የታየ መሆኑን ማወቅ ይገባል።