ሙቁ አየር በየት ይውጣ?

ቆርቆሮ በለበሰ ክፍል ውስጥ ከሰዓት በኋላ የተማረ ሰው ሙቀቱን አይረሳውም። ፀሐይ ብረቱን ታግለዋለች፤ ብረቱም ግለቱን ቁልቁል በልጆቹ አናት ላይ ይለቀዋል። ትምህርት ቤት ሲታደስ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀየረው ቀለሙና መስኮቱ ስለሆነ ሙቀቱ እንዳለ ይቀራል። አካባቢን የሚጠብቅ ግንባታ ሲባልም ቶሎ የሚታሰበን ውድ መሣሪያ ነው። ሥራው የሚጀምረው ግን ከጣሪያው ነው።

ይህን በተግባር ያሳየው የቡርኪና ፋሶ ተወላጁ አርክቴክት ፍራንሲስ ኬሬ ነው። በትውልድ መንደሩ በጋንዶ እ.ኤ.አ. በ2001 ለተጠናቀቀው ትምህርት ቤት ነዋሪዎቹ የአካባቢውን አፈር ከጥቂት ሲሚንቶ ጋር ደባልቀው ጡብ ሠሩ። ሴቶች ውሃ አመጡ፤ ልጆችም ለመሠረቱ ድንጋይ ለቀሙ። ወፍራም የአፈር ግድግዳ ቶሎ ስለማይሞቅ የቀኑን ሐሩር ያዘገየዋል።

ዋናው ብልሃት ከላይ ነው። ኮርኒሱ ክፍተት እየተተወለት የተደረደረ ጡብ ሲሆን፣ ቆርቆሮው ደግሞ ከእሱ በላይ በብረት ዘንጎች ከፍ ተደርጎ ተሰቅሏል። አየር ሲሞቅ ይቀልላል፣ ሽቅብም ይወጣል። በክፍሉ የሞቀው አየር በኮርኒሱ ቀዳዳዎች ሾልኮ ሲወጣ፣ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል የሚያልፈው ነፋስ ጠርጎ ይወስደዋል፤ በምትኩ ቀዝቀዝ ያለ አየር በመስኮት ይገባል። ቆርቆሮው ቢግልም ግለቱ በቀጥታ ልጆቹ ላይ አያርፍም። ለዚህ ሁሉ ኤሌክትሪክ አላስፈለገም።

ኬሬ ሐሳቡን በኩዱጉ ከተማ በሚገኘው የሾርጅ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስፋፋው። ግድግዳው ከአካባቢው የተቆረጠ፣ አየር ሲያገኘው የሚጠነክር ቀይ የላተራይት ድንጋይ ነው። ከክዳኑ በላይ ብቅ ያሉ ማማዎች ሙቁን አየር ያስወጣሉ። ክፍሎቹን እንደ መጋረጃ የከበበው ግን፣ እኛ ለአጥርና ለግንባታ መወጣጫ የምናውለው የባሕር ዛፍ እንጨት ነው፤ ተማሪዎቹ በእረፍት ሰዓት ጥላው ሥር ይቀመጣሉ። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደስተኝ ይህ ነው፤ የተናቀ እንጨት በትክክለኛ ቦታው ውሏል።

ኬሬ እ.ኤ.አ. በ2022 የፕሪትዝከርን የሥነ ሕንፃ ሽልማት ሲቀበል ከአፍሪካ የመጀመሪያው ተሸላሚ ሆነ።

ይህን ዘዴ መሞከር ለሚፈልግ አንድ ማሳሰቢያ አለ፤ የአፈር ግድግዳ ጠላቱ ዝናብ ስለሆነ የክዳኑ ጠርዝ ከግድግዳው በደንብ አልፎ መውጣት አለበት። የትምህርት ቤት እድሳት ኮሚቴ ውስጥ ያላችሁ ወላጆችና መምህራን፣ የቀለም ጨረታ ከማውጣታችሁ በፊት መሐንዲሱን ሙቁ አየር በየት በኩል እንደሚወጣ ጠይቁት፤ መልሱንም በንድፉ ላይ አስቀምጦ ያሳያችሁ።