ሁለት ኮምፒዩተሮችን በአንድ ስክሪን፥ በአንድ ኪቦርድና በአንድ ማውስ ስለ ማሠራት

«ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለው የአባቶች ምሳሌ ለነጋዴ ሰው የተነገረ ይመስላል። ዛሬ ብዙ ነጋዴዎች በመኖሪያ ቤታቸው ሁለት ኮምፒዩተር የሚይዙት በዚሁ ምክንያት ነው። አንደኛው የሒሳብ መዝገቡን ብቻ የሚጠብቅ፥ ከኢንተርኔትም ከልጆች ጨዋታም የራቀ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ከውጭ አገር ደንበኞችና ከባንክ ጋር ለመጻጻፍ ያገለግላል። ይህ አሠራር መልካም ነው። ነገር ግን ሁለት ስክሪን፥ ሁለት ኪቦርድና ሁለት ማውስ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሲደረደሩ ደረሰኝ የሚዘረጋበት ስፍራ ይጠፋል፤ ገንዘብም ያለ አስፈላጊ ነገር ይወጣል።

ስለዚህ አንድ ስክሪን፥ አንድ ኪቦርድና አንድ ማውስ ለሁለት ኮምፒዩተሮች የሚዳረሱበትን መንገድ፥ ከዚህም የሚገኘውን ጥቅምና ሊመጣ የሚችለውን ጉዳት ከዚህ ቀጥሎ በአጭሩ እንገልጻለን።

ሀ. የሚጋራውና የማይጋራው

አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው ነገር ዕቃዎቹ ቢጋሩም ኮምፒዩተሮቹ አንድ የማይሆኑ መሆናቸው ነው። አንድ ጸሐፊ በአንድ ብዕር በሁለት መዝገብ ላይ ቢጽፍ መዝገቦቹ እንደማይቀላቀሉ ሁሉ፥ በአንድ ኪቦርድ የሚሠሩ ሁለት ኮምፒዩተሮችም እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ፋይልና የየራሳቸውን ፕሮግራም እንደያዙ ይኖራሉ።

የአማርኛ አጻጻፍም እንዲሁ ነው። የግዕዝን ፊደል የሚያወጣው በኮምፒዩተሩ ውስጥ የተጫነው ፕሮግራም እንጂ ኪቦርዱ አይደለም። ስለዚህ በአንዱ ኮምፒዩተር አማርኛ ሲጽፍ የቆየ ሰው ወደ ሁለተኛው ቢዛወርና እዚያ የአማርኛው ፕሮግራም ያልተጫነ ወይም ያልተከፈተ ቢሆን፥ የላቲን ፊደል ሲወጣ ያያል። ይህ የኪቦርዱ ብልሽት አይደለምና ሊያስደነግጥ አይገባም።

ለ. ሦስቱ መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ ማዛወሪያ ሣጥን ማኖር ነው። ይህ በገበያ ኬቪኤም ስዊች ተብሎ የሚጠራው ዕቃ ነው፤ ስሙም ኪቦርድ፥ ቪዲዮና ማውስ ከሚሉት ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት የወጣ ነው። ስክሪኑ፥ ኪቦርዱና ማውሱ በሣጥኑ ላይ ይሰካሉ፤ ከሣጥኑም ወደ እያንዳንዱ ኮምፒዩተር አንድ የምስል ገመድና አንድ የዩኤስቢ ገመድ ይሄዳል። በሣጥኑ ላይ ያለውን ቁልፍ አንድ ጊዜ ሲጫኑት ሦስቱም ዕቃዎች በአንድነት ወደ ሁለተኛው ኮምፒዩተር ይዛወራሉ።

ሁለተኛው መንገድ ያለ ሣጥን የሚሠራ ነው። ብዙ ስክሪኖች ሁለትና ከዚያም በላይ የምስል መሰኪያ ስላላቸው ሁለቱን ኮምፒዩተሮች በቀጥታ በስክሪኑ ላይ መሰካትና በራሱ ቁልፍ እያዛወሩ ማየት ይቻላል። ኪቦርዱና ማውሱም በብሉቱዝ የሚሠሩና ከሁለት ወይም ከሦስት ኮምፒዩተሮች ጋር ለመተዋወቅ የሚችሉ ዐይነቶች ከሆኑ፥ በራሳቸው ላይ ባለው ቁልፍ ይዛወራሉ። ወጪው አነስተኛ ነው፤ አደጋው ግን ማዛወሩ በአንድ ጊዜ የማይፈጸም መሆኑ ነው። ስክሪኑን አዛውሮ ኪቦርዱን የረሳ ሰው፥ የአንዱን ኮምፒዩተር ገጽ እያየ የሚጽፈው ግን በማያየው ኮምፒዩተር ላይ ነው። ይህም የባንክ የምስጢር ቁጥር በሚጻፍበት ጊዜ ቢሆን ምን ሊያስከትል እንደሚችል አንባቢ ራሱ ይገምተዋል።

ሦስተኛው መንገድ በፕሮግራም ነው። ሁለቱ ኮምፒዩተሮች በአንድ የቤት ዋይፋይ ወይም በኔትዎርክ ገመድ የተያያዙ ከሆኑ፥ በዊንዶውስ የሚገኘው ሪሞት ዴስክቶፕ የተባለው አሠራር የአንዱን ገጽ በሌላው ላይ ከፍቶ ያሠራል። ነገር ግን የሚከፈተው ኮምፒዩተር ዊንዶውስ ፕሮ የተጫነበት ሊሆን ይገባል፤ ዊንዶውስ ሆም ሌላውን ለመክፈት ይችላል እንጂ ራሱ በዚህ መንገድ አይከፈትም። ዳግመኛም ማይክሮሶፍት በነጻ የሚሰጠው ማውስ ዊዝአውት ቦርደርስ የተባለው ፕሮግራም አንድ ኪቦርድና አንድ ማውስ እስከ 4 ኮምፒዩተሮች ድረስ ያዳርሳል፤ ስክሪን ግን አያጋራምና የሚጠቅመው የራሱ ስክሪን ላለው ላፕቶፕ ነው።

የሒሳቡን ኮምፒዩተር ከኔትዎርክ ለማራቅ ብሎ ሁለተኛ ኮምፒዩተር የገዛ ነጋዴ ይህን ሦስተኛ መንገድ ሊመርጥ አይገባውም፤ በአንድ እጁ የዘጋውን በር በሌላ እጁ መክፈት ይሆንበታልና። ለእንዲህ ያለው ሰው የሚስማማው ማዛወሪያው ሣጥን ነው።

ሐ. ሣጥኑን ከመግዛት በፊት

ገዢው ወደ ሱቅ ከመሄዱ በፊት የኮምፒዩተሮቹንና የስክሪኑን ጀርባ ይመልከት። በቆዩት ኮምፒዩተሮች ላይ 15 ቀዳዳ ያለው ቪጂኤ የተባለው መሰኪያ ይገኛል፤ በአዲሶቹ ላይ ግን ኤችዲኤምአይ፥ ዲስፕሌይ ፖርት ወይም ዩኤስቢ ታይፕ ሲ የተባሉት ይገኛሉ። አንዱ ኮምፒዩተር አሮጌ፥ ሌላው አዲስ ሲሆን በመካከል ቀያሪ ዕቃ ያስፈልጋል። ቪጂኤ እና ኤችዲኤምአይ የተለያየ ዐይነት ምልክት ስለሚያስተላልፉ ተራ ገመድ አያገናኛቸውም፤ ቀያሪውም በብዛት የሚሠራው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይረውን ገዝቶ ከቪጂኤ ወደ ኤችዲኤምአይ ለመጠቀም የሚሞክር ሰው ገንዘቡን ያጣል።

ስክሪኑ 4ኬ የተባለው ዐይነት ከሆነ ደግሞ የሣጥኑን ደረጃ መጠየቅ ይገባል። በኤችዲኤምአይ 1.4 የሚሠራው ሣጥን 4ኬ ምስልን በሴኮንድ 30 ጊዜ ብቻ ያሳያል፤ ማውሱም ሲንቀሳቀስ የሚጎተት ይመስላል። ኤችዲኤምአይ 2.0 ግን በሴኮንድ 60 ጊዜ ያሳያል። ለተራ ስክሪን የመጀመሪያው ይበቃል፤ በከንቱ ውዱን መግዛት አያስፈልግም።

ርካሹ ሣጥን አንድ ጉድለት ሊኖረው ይችላል። ስክሪኑ ወደ ሌላው ሲዛወር የቀረው ኮምፒዩተር ስክሪኑ የተነቀለ መስሎት የተከፈቱትን ገጾች ያዘበራርቃል። ኢዲአይዲ የተባለውን የስክሪን መግለጫ ለሁለቱም ኮምፒዩተሮች ዘወትር የሚያቀርብ ሣጥን ከዚህ ችግር ያድናል። ከውጭ የሚያስመጡ ነጋዴዎችም ይህንና ገመዶቹ አብረው የሚመጡ መሆናቸውን በፕሮፎርማው ላይ በጽሑፍ ቢያስገልጹ ከደንበኛ ክርክር ይድናሉ።

መ. ስለ አገጣጠሙ

በመጀመሪያ ሁለቱም ኮምፒዩተሮችና ስክሪኑ ይጠፋሉ። ቀጥሎ ስክሪኑ፥ ኪቦርዱና ማውሱ በሣጥኑ ላይ ይሰካሉ። ከዚያም የአንደኛው ኮምፒዩተር የምስልና የዩኤስቢ ገመድ 1 ቁጥር በተጻፈበት፥ የሁለተኛውም 2 ቁጥር በተጻፈበት መሰኪያ ይገባል። የአንዱ ምስል ከሌላው ዩኤስቢ ጋር ከተሳሳተ እላይ የተናገርነው ክፉ ስሕተት ይደርሳልና፥ በየገመዱ ጫፍ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት መለጠፍ ይጠቅማል። በመጨረሻ ስክሪኑ፥ ከዚያም ኮምፒዩተሮቹ አንድ በአንድ ይበራሉ።

መብራት በሚጠፋበት ጊዜ ሥራው እንዳይቋረጥ ዩፒኤስ የሚጠቀም ሰው ስክሪኑንና ሣጥኑንም በእርሱ ላይ ይሰካ። ኮምፒዩተሩ በርቶ ስክሪኑ ቢጠፋ ሥራን በወጉ ለመዝጋት አይቻልምና። ዩፒኤሱም ሁለቱን ኮምፒዩተሮችና ስክሪኑን በአንድነት ለመሸከም የሚበቃ መሆኑን ዋቱን ደምሮ ማረጋገጥ ይገባል።

ሠ. ስለ ጥንቃቄ

በብዙ ሣጥኖች ላይ ለፍላሽ የሚሆን ትርፍ የዩኤስቢ መሰኪያ ይገኛል። ለእኔ ትልቁን ትምህርት የሰጠኝ ይህ መሰኪያ ነው። በሐምሌ ወር የዓመቱን ሒሳብ በአሠሪዬ ቤት ስንዘጋ የመዝገቡን ቅጅ በሣጥኑ ላይ ወደ ሰካሁት ፍላሽ እገለብጥ ነበር። በመካከሉ አንድ ደንበኛ ስልክ ደውሎ የዕቃ ዋጋ ጠየቀኝ፤ እኔም ዋጋው ያለበትን ኮምፒዩተር ለማየት ቁልፉን ተጫንሁ። ዋጋውን ነግሬ ስመለስ ግልበጣው ተቋርጦ ነበር፤ ቅጅውንም ለመክፈት ብሞክር እንቢ አለ። ቁልፉን መጫኔ ፍላሹን በግልበጣ መካከል በእጅ ከመንቀል የማይለይ መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ዋናው መዝገብ ደኅና ስለ ነበረ እንደገና ገለበጥሁ። ነገር ግን ቅጅውን ሳልከፍት አስቀምጬው ኖሮ፥ ዋናው በተበላሸ ቀን የአንድ ዓመት ሒሳብ ባዶ እጃችንን ባስቀረን ነበር።

ስለዚህ የሚከተሉትን ደንቦች እንዲጠብቁ አንባቢዎችን እናሳስባለን።

1ኛ/ ፍላሽና የውጭ ዲስክ በኮምፒዩተሩ በራሱ ላይ እንጂ በማዛወሪያው ሣጥን ላይ አይሰካ። በሣጥኑ ላይ የተሰካ ፍላሽ ከኢንተርኔት ጋር ከተገናኘው ኮምፒዩተር ቫይረስ ይዞ ወደ ሒሳቡ ኮምፒዩተር ሊሻገርም ይችላል።

2ኛ/ የሁለቱ ኮምፒዩተሮች የስክሪን መልክ ይለይ፤ ለምሳሌ የሒሳቡ አረንጓዴ፥ የደብዳቤው ሰማያዊ ይሁን። ዐይን በየትኛው ላይ እንዳለ ሳያውቅ እጅ አይጻፍ።

3ኛ/ ከጠረጴዛው የሚነሣ ሰው ሁለቱንም ኮምፒዩተሮች በየምስጢር ቃላቸው ይዝጋ። የማይታየው ኮምፒዩተር የተዘጋ አይደለም፤ ቁልፉን የተጫነ ሁሉ ያገኘዋል።

4ኛ/ የመዝገብ ቅጅ በተወሰደ ቁጥር ተከፍቶ ይታይ።

በአንድ ስክሪን ሁለት ኮምፒዩተር ማሠራት ስፍራና ገንዘብ የሚያተርፍ ጠቃሚ አሠራር ነው። ነገር ግን መጋራት የሚገባው ዕቃው ብቻ ነው፤ መዝገቡ፥ የምስጢር ቃሉና ፍላሹ ሊጋሩ አይገባም። ይህን ልዩነት የጠበቀ ነጋዴ አንዱ ባላ ቢነቀልበት ሁለተኛውን ጸንቶ ያገኘዋል።