ሁለት ስም ያለው አንድ ክኒን

ጠያቂው የሠፈር ልጅ ነው። መላሿ ዕድሜያቸውን በመድኃኒት ቤት ያሳለፉ ጡረተኛ ፋርማሲስት ናቸው።

ወጣቱ፦ እትዬ፣ እናቴ ኮሌስትሮልና ትራይግሊሰራይድ አለብሽ ተብላ አቶርቫስታቲን 20 ሚሊግራም ታዞላታል። እህቴ ደግሞ ከአሜሪካ ሊፒቶር የሚባል ላከችላት። «የውጭው ይሻላል፣ የሐኪሙንም አልተውም» ብላ አንዱን ጠዋት፣ አንዱን ማታ ትውጣለች።

እትዬ፦ የተላከው ስንት ሚሊግራም ነው?

ወጣቱ፦ ዕቃው ላይ 40 ይላል።

እትዬ፦ እንግዲያው እናትህ 20 ታዞላት በቀን 60 እየወሰደች ነው። ሊፒቶር ራሱ አቶርቫስታቲን ነው፤ ሊፒቶር የንግድ ስሙ ነው። ከዛሬ ጀምሮ የታዘዘላትን ብቻ ትውሰድ፤ የሆነውንም ለሐኪሟ ንገሩት። አትደንግጥ፣ እስከ 80 የሚታዘዝለት ሰው አለ፤ ግን ሐኪሙ አውቆ፣ ምርመራውን አይቶ ነው። መጠኑን እጥፍ ብታደርገው መጥፎው ኮሌስትሮል ተጨማሪ 6 በመቶ ገደማ ቢወርድ ነው። የጎንዮሽ ጉዳቱ ግን ከመጠኑ ጋር ያድጋል። ሌሎቹም እንዲሁ ሁለት ስም አላቸው፤ ክሬስተር የተባለው ሮሱቫስታቲን ነው፤ ዞኮር የተባለው ሲምቫስታቲን። በሻንጣ የሚመጣ መድኃኒት ሁሉ ከመዋጡ በፊት በትናንሽ ፊደል የተጻፈው ስሙ ይነበብ።

ወጣቱ፦ እሷ ግን «ምንም አላመመኝም» ትላለች። አምናም ውጤቷ ሲወርድ «ዳንኩ» ብላ አቁማው ነበር።

እትዬ፦ እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው፤ ስንቱ ሰው መጥቶ እንደዚሁ ብሎኛል! የወረደው መድኃኒቱን እየወሰደች ስለነበር ነው። ጉበታችን ራሱ ኮሌስትሮል ይሠራል፤ እንደ እናትህ መድኃኒት ያሉት ስታቲኖች ጉበቱ ኮሌስትሮሉን የሚሠራበትን አንድ ኢንዛይም ይይዙበታል። ጉበት ሲያጥረው መጥፎውን ከደም ውስጥ ይስባል። መድኃኒቱ ሲቆም ጉበት ወደ ሥራው ይመለሳል፤ በሳምንታት ውስጥ ቁጥሩ ወደ ነበረበት ይወጣል። ኮሌስትሮል ደግሞ አያምም። የደም ሥር ውስጥ ዓመታት ተጠራቅሞ አንድ ቀን ልብን ወይም አንጎልን ነው የሚመታው። በፈረንጆች 1994 የወጣው የስካንዲኔቪያ ጥናት የልብ ሕመም የነበረባቸውን 4,444 ሰዎች ተከታትሎ ነበር። ሲምቫስታቲን ከወሰዱት መካከል የሞቱት ካልወሰዱት በ30 በመቶ አነሱ። ስለዚህ «ተሻለኝ» ብላ በራሷ አታቁም፤ የሚወስነው ሐኪሟ ነው።

ወጣቱ፦ ጎረቤቶች ጡንቻ ይበላል፣ ጉበት ይጨርሳል ይሏታል።

እትዬ፦ ነገሩን እንዲያው ከሜዳ አላመጡትም። ሴሪቫስታቲን የሚባል ስታቲን ነበረ፤ ጡንቻ እየሰበረ ሰው ስለገደለ በፈረንጆች 2001 ከገበያ ወጣ። ጄምፋይብሮዚል ከሚባል የትራይግሊሰራይድ መድኃኒት ጋር የወሰዱት ላይ አደጋው የባሰ ነበር። ዛሬ ያሉት ስታቲኖች ላይ እንዲህ ያለው ጉዳት እጅግ ጥቂት ነው፤ ምልክቱን ግን እወቁት። ጭን ወይም ትከሻ ያለምክንያት ሲታመምና ሲዝል፣ ሽንቱ ጠቁሮ እንደ ኮካ ሲመስል በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ዓይን ቢጫ ከሆነም እንደዚያው። ለተራ ሕመም ግን ክኒኑን ቶሎ አትውቀሱት። በእንግሊዝ ተሠርቶ በፈረንጆች 2020 በወጣ ጥናት ስታቲን አሞናል ብለው ያቆሙ 60 ሰዎች ተፈተኑ፤ አንዳንድ ወር እውነተኛውን፣ አንዳንድ ወር መድኃኒት የሌለበትን ክኒን ወሰዱ፣ አንዳንድ ወር ምንም አልወሰዱም። ስታቲን ሲወስዱ ከተሰማቸው ሕመም 90 በመቶ የሚሆነው ባዶውን ክኒን ሲወስዱም ተሰምቷቸዋል። ሕመማቸው እውነት ነው፤ አብዛኛውን ያመጣው ግን ክኒን መውሰዳቸውን ማወቃቸው ነው። እና ሕመሙን ለሐኪሟ ትንገር፤ መጠን ይቀንሳል ወይ ዓይነቱን ይቀይርላታል።

ወጣቱ፦ እናቴ የደም ግፊት ክኒንም ትወስዳለች፤ አምሎዲፒን።

እትዬ፦ ከአቶርቫስታቲን ጋር ችግር የለውም። ሐኪሙ ወደ ሲምቫስታቲን ቢቀይርላት ግን አምሎዲፒን መውሰዷን ይወቅ፤ ከእሱ ጋር ሲምቫስታቲን ከ20 ሚሊግራም መብለጥ የለበትም። እኔን የበለጠ የሚያሰጋኝ የጨጓራ ነገር ነው። እዚህ አገር ጨጓራ የማያመው ማን አለ? «ባክቴሪያ ተገኘብህ» ሲባል ከሚሰጡት አንዱ ክላሪትሮማይሲን ነው። ይህ አንቲባዮቲክ ጉበት ስታቲኑን እንዳያስወግድ ስለሚያግድ ደም ውስጥ ይከማቻል። ከሲምቫስታቲን ጋር ጨርሶ አይሰጥም፤ አቶርቫስታቲንም መጠኑ ይገደባል። የጨጓራው ሐኪም እናትህ ካልነገረችው በምን ያውቃል? የኤችአይቪ መድኃኒቶችም እንዲህ የሚያደርጉ አሉባቸው። ስለዚህ ሌላ ክሊኒክ ስትሄድ የምትወስዳቸውን ከነዕቃቸው በፌስታል ይዛ ትሂድ፤ ስማቸውን በቃል ልያዝ አትበል።

ወጣቱ፦ ሁዳዴ ሲገባስ? እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አትቀምስም።

እትዬ፦ አቶርቫስታቲን በባዶ ሆድም ከምግብ ጋርም፣ ጠዋትም ማታም ይወሰዳል፤ ማታ ትውሰደው። ሮሱቫስታቲንም እንደዚሁ። ሲምቫስታቲን የማታ መድኃኒት ነው። ሙስሊም ጎረቤትህም በረመዳን ከኢፍጣር በኋላ ይወስደዋል። የአንድ ቀን ከረሳች ደግሞ በማግሥቱ ሁለት አትዋጥ።

ወጣቱ፦ በጾሙ ቅቤም ሥጋም የለ፤ ትራይግሊሰራይዱ ይወርዳል ብላ ተስፋ አድርጋለች።

እትዬ፦ እንዳትዘናጋ። ትራይግሊሰራይድ የተባለውን የደም ስብ የሚያወጣው ቅቤ ብቻ አይደለም፤ ጉበት የተረፈውን ስኳርም ወደ ስብ ይቀይረዋል። ለስላሳ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ብስኩት፣ ነጭ ዳቦ፣ ጠጅ፣ ቢራ ሁሉም ከጾም ምግብ ጋር ይገባሉ። ጾማ ጾማ ማታ ዳቦና ለስላሳ ከሆነ ቁጥሩ ሊጨምርም ይችላል። ምስሩ፣ ሽሮው፣ ጎመኑ ዘይቱ ካልበዛ ጥሩ ነው። የስኳር በሽታ ካለባትም እሱ ሳይስተካከል ትራይግሊሰራይዱ በቀላሉ አይወርድም።

ወጣቱ፦ የሷ 620 ነው ተብሏል። ስንት መሆን ነበረበት?

እትዬ፦ ከ150 በታች ነበር የሚፈለገው። ከ500 ሲያልፍ ሐሳቡ ከልብ ወደ ቆሽት ይዞራል፤ ቆሽት ሊቆጣ ይችላል። ለዚህ ሐኪሟ ፌኖፋይብሬት ይጨምርላት ይሆናል፤ እሱን ከምግብ ጋር ትውሰደው። ከስታቲን ጋር ሲሰጥ ከጄምፋይብሮዚል እሱ ይመረጣል፤ ግን ሁለቱን አንድ ላይ መስጠት የሐኪም ውሳኔ ነው፣ የኩላሊት ምርመራም ይፈልጋል። መጠጥ ካለ ይቁም። ድንገት ከሆዷ በላይ የጀመረ ኃይለኛ ሕመም ወደ ጀርባዋ ከዘለቀና ካስመለሳት የጨጓራ ነው ብላችሁ አታሳድሯት፤ በሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት።

ወጣቱ፦ ደም የምትሰጠው መቼ ነው?

እትዬ፦ መድኃኒት ስትጀምር ወይም መጠን ሲቀየር ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ፤ ከዚያ በኋላ ሐኪሟ በሚላት መሠረት በየጥቂት ወሩ። የሷ ትራይግሊሰራይድ ከፍ ስላለ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ያህል ሳትበላ ቆይታ ትሂድ፤ ውኃ ግን ትጠጣ። የድሮውን የላቦራቶሪ ወረቀት አትጣሉት፤ አዲሱ ውጤት የሚነበበው ከእሱ ጋር ተያይቶ ነው።