ቍጥር በወሰኑ ውስጥ መኾኑን ስለ መመርመር

በደባርቅና በዳባት፥ በቡይት ራስም አፋፍ ባሉት መንደሮች ምእመናን ጾሙ የሚገባበትንና ትንሣኤ የሚውልበትን ቀን የሚሰሙት ከቤተ ክርስቲያን ነው። ካህናቱም የሚያገኙት በባሕረ ሐሳብ ቀመር ነው። ቀማሪው መባጃ ሐመሩን ቢስት ነነዌ፥ ዐቢይ ጾም፥ ስቅለት፥ ትንሣኤ፥ ጰራቅሊጦስ ኹሉም አብረው ይስታሉ፤ ኹሉም በርሱ ተያይዘዋልና። ስለዚህ ሊቃውንት ለያንዳንዱ በዓል የታችና የላይ ወሰን አበጁለት። ነነዌ ከጥር 17 ቀን በታች አይወርድም፥ ከየካቲት 21 ቀን በላይ አይወጣም። ትንሣኤም ከመጋቢት 26 ቀን በታች አይወርድም፥ ከሚያዝያ 30 ቀን በላይ አይወጣም።

ሕጉ ለመስማት ቀላል ነው፤ ሲሠሩበት ግን የሚያሰናክል ስፍራ አለው። በ2017 ዓ.ም. ትንሣኤ ሚያዝያ 12 ቀን ዋለ። ወሩን ትቶ ቍጥሩን ብቻ የሚያይ ተማሪ፥ 12 ከ26 ያንሳልና «ከወሰን ወጥቷል» ይላል። መምህሩ ቀኖቹን ኹሉ ከመስከረም 1 ቀን ዠምሮ ያስቈጥረው። መጋቢት ሳይገባ 6 ወር አልፏል፤ 6 ጊዜ 30 180 ነው፤ 26 ሲጨመርበት 206 ይኾናል። እንዲሁ ሚያዝያ 30 ቀን 240፥ ሚያዝያ 12 ቀን 222 ይኾናል። እንግዲህ 222 ከ206 አያንስም፥ ከ240ም አይበልጥም።

ከዚህም የሚያጥር መንገድ አለ። ከተገኘው ቍጥር የታችኛውን ወሰን መቀነስ ነው። 222 ሲቀነስ 206፥ 16 ይቀራል። ቀሪው ከ0 ካላነሰ ከ34ም ካልበለጠ በዓሉ በወሰኑ ውስጥ ነው። 206 ራሱ 0ን፥ 240 ራሱ 34ን ይሰጣሉ፤ ኹለቱም ይቈጠራሉና ለትንሣኤ የተፈቀዱት ቀኖች 34 ሳይኾኑ 35 ናቸው። በዚህ ላይ የማይሳሳት ተማሪ ጥቂት ነው።

ለኮምፒውተር ትእዛዝ የሚጽፉ ሰዎችም ይህንኑ ይሠራሉ። ፓይተን በተባለው የትእዛዝ ቋንቋ 206 ≤ ቀን ≤ 240 ብሎ በሰሌዳ እንደሚጻፈው በአንድ መስመር መጻፍ ይቻላል። ሲ በተባለው ቋንቋ ግን ይህ አጻጻፍ ያታልላል። መሣሪያው አስቀድሞ የግራውን ክፍል ይመረምርና እውነት ቢኾን 1፥ ሐሰት ቢኾን 0 ይሰጣል፤ ቀጥሎ ያንን 1 ወይም 0 ከ240 ጋራ ያስተያያል። ስለዚህ ቀኑ 300 እንኳ ቢኾን «በወሰኑ ውስጥ ነው» ይላል። በሲ ኹለቱን ጥያቄዎች ለየብቻ ጠይቆ አንድ ላይ ማያያዝ ያስፈልጋል።

ስለ ወሰን ሌላም ጥያቄ ይነሣል። መጥቅዕ ከ14 ቢበልጥ በመስከረም፥ ከ14 ቢያንስ በጥቅምት ይውላል ይባላል። በትክክል 14 ቢኾንስ? ሕጉ ዝም ያለው ረስቶ አይደለም። ተማሪዎች ከ1 እስከ 18 ያሉትን ወንበሮች በ19 እያባዙ ከ30 የተረፈውን ይጻፉ፤ ወንበር አልቦ ሲኾን መጥቅዕ 30 ነው። 13ንና 15ን ያገኛሉ፤ 14ን ግን ከቶ አያገኙም። በሌላ ሥራ ግን ወሰኑ ራሱ ከውስጥ ወይም ከውጭ መኾኑ ሳይነገር ምርመራ መዠመር ስንፍና ነው።

ወሰንን ያለፈ ቍጥር በርግጥ ስሕተት ነው፤ ያላለፈ ኹሉ ግን ትክክል አይደለም። በ2017 ዓ.ም. በአንድ ቀን የሳተ ቀማሪ ሚያዝያ 13 ቀንን ባገኘ ነበር። ቍጥሩ በወሰኑ ውስጥ ነው፤ ዕለቱ ግን ሰኞ ነበረ።