የሰነቴ ዳገት ነው ወይስ የትሮትል ሴንሰሩ?

ጥያቄ፦ ከሮቤ ጎባ፣ አንዳንዴም ሰነቴን አቋርጬ እስከ ዶሎ መና የምመላለስባት የቤንዚን መኪና አለችኝ። ሰሞኑን ሚኒሞዋ ይዋዥቃል፤ ነዳጅ ስሰጣት ትንገጫገጫለች። «የትሮትል ሴንሰሩ ይቀየር» ተባልኩ። ልቀይር?

መልስ፦ ሳይለካ አይቀይሩ። መጀመሪያ ከፍታውን ከብልሽቱ እንለይ። ሰነቴ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ ተርቦ የሌለው ጤነኛ ሞተርም ጉልበት ያጣል። ይህ ድካም ግን ቀስ በቀስ ይመጣል፤ ወደ ጎባ ሲወርዱም ይለቃል። ሮቤ ሜዳው ላይም የምትንገጫገጭ ከሆነ ችግሩ ሌላ ነው።

የሴንሰሩን ሶኬት ሳይነቅሉ፣ ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ብቻ ይክፈቱና በዲጂታል ቴስተር ያስለኩ። በብዙ መኪኖች ሽቦዎቹ 3 ናቸው፦ 5 ቮልት፣ ኔጋቲቭና ሲግናል። ሲግናሉ የትሮትሉ ቢራቢሮ (አየሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው ክዳን) ሲዘጋ 0.5፣ ሙሉ ሲከፈት 4.5 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ቀስ ተብሎ ሲከፈት ቁጥሩ ሳይቋረጥ መውጣት አለበት፤ መሃል ላይ ድንገት ከወደቀ ሴንሰሩ ተበልቷል። 5 ቮልቱ ካልደረሰ ግን ሽቦው ይፈተሽ።

የምርመራ ማሽኑ ከፒ0120 እስከ ፒ0124 ያለ ኮድ ቢያወጣም የሚጠቁመው መስመሩን እንጂ የግድ ዕቃውን አይደለም። የነዳጅ መስጫ ገመድ የሌለው ኤሌክትሮኒክ ትሮትል ከሆነ ቢራቢሮውን በእጅ አይግፉ፤ በማሽን ይነበብ።

የቆሸሸ ትሮትልና የላላ ሶኬትም ይህንኑ ምልክት ያሳያሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ያስጸዱ፣ ቀጥሎ ያስለኩ፤ ዕቃ መግዛት የመጨረሻው እርምጃ ይሁን።