ኢኩሊብሪየም፦ በአንድ ቃል ውስጥ ሁለት ቃላት

«ኢኩሊብሪየም» የሚለው ቃል በሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ትምህርት ደጋግሞ ይመጣል። ብዙዎቻችን ለፈተና ስንል እንሸመድደዋለን፤ ከፈተናው በኋላ ግን ትርጉሙ ይጠፋብናል። ለብዙ ተማሪ አንድ መጽሐፍ በሚደርስበት እንደ እኛ ባለ ክፍል፣ ቃልን ፈትቶ ማየት ጥሩ ስንቅ ነው።

ቃሉ የመጣው ከላቲን ቋንቋ ነው። «አይኩስ» ማለት እኩል፣ «ሊብራ» ማለት ሚዛን ሲሆን፣ ሲጣመሩ የሚዛን መስተካከል ማለት ነው። ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ላይ በአንድ በኩል ስኳር፣ በሌላው በኩል የኪሎ ብረት ተቀምጦ ሁለቱ ሳህኖች ትክክል ሲሆኑ የምናየው ይህንኑ ነው።

«አይኩስ» እና «እኩል» በድምፅ ቢቀራረቡም ዝምድና የላቸውም። አማርኛ ከሴም፣ ላቲን ከኢንዶ-አውሮፓ ቋንቋዎች ወገን ናቸው። ለማስታወስ ግን ይረዳናል። ምድርን እኩል ለሁለት የሚከፍለው መስመር «ኢኩዌተር» መባሉ ከ«አይኩስ» የመጣ ነው። ጣሊያን እስከ 2002 (እ.ኤ.አ.) የተገበያየችበት ሊሬም ስሙን ያገኘው ከ«ሊብራ» ነው፤ ሊብራ የሮማውያን የክብደት መለኪያም ነበርና።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያለብን ነገር አለ። ሚዛኑ ሲስተካከል ቀጥ ብሎ ይቆማል። በኬሚስትሪ ግን ኢኩሊብሪየም ማለት ሥራው ቆመ ማለት አይደለም። ጀሪካን እስከ ግማሽ ውሃ ሞልተን ክዳኑን አጥብቀን ብንዘጋው፣ ከውሃው ጥቂቱ ይተናል፤ ከእንፋሎቱም ጥቂቱ ተመልሶ ውሃ ይሆናል። ሙቀቱ ካልተለወጠ፣ ከጊዜ በኋላ የሚተነውና የሚመለሰው በአንድ ፍጥነት ይሆናሉ። የውሃው ከፍታ አይለወጥም፤ መሄድና መመለሱ ግን ይቀጥላል። እኩል የሆነው የውሃውና የእንፋሎቱ መጠን ሳይሆን ፍጥነታቸው ነው። ብዙ ተማሪ ነጥብ የሚያጣው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ቃሉን ባገኘን ቁጥር «እኩል የሆነው ምንና ምን ነው?» ብለን እንጠይቅ። በሚዛኑ ላይ ክብደት፣ በጀሪካኑ ውስጥ ፍጥነት ነው።

መልመጃ
1. የጀሪካኑ ክዳን ተከፍቶ ቢያድር ኢኩሊብሪየሙ ይጸናል? ለምን?
2. በገመድ ጉተታ ሁለት ቡድኖች እየጎተቱ ገመዱ ካልተንቀሳቀሰ፣ እኩል የሆነው ምንና ምን ነው?