ለአሜሪካ ጦር አብራሪነት የሚያመለክት ሰው የዓይን ሌዘር መቼ ይሥራ?

«መነጽር የሚያደርግ ፓይለት አይሆንም» የሚለው የቆየ ወሬ አሜሪካ በሚኖሩ ወገኖቻችን ቤት ዛሬም ይሰማል። ልጁ ተመርቆ «ጄት ማብረር እፈልጋለሁ» ሲል ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያስበው ሌዘር ነው፤ ማመልከቻው ከዚያ በኋላ ይመጣል። እኔ የምመክረው ግን ሌላ ቅደም ተከተል ነው።

መጀመሪያ ሌዘሩ ጨርሶ ማስፈለጉን ያጣሩ። አየር ኃይሉ ከአብራሪ አመልካች የሚጠይቀው የርቀት እይታ ያለ መነጽር 20/70፣ በመነጽር ደግሞ 20/20 ነው። 20/70 ማለት ጤነኛ ዓይን ከ70 ጫማ የሚለየውን ፊደል እርስዎ 20 ጫማ ድረስ ቀርበው ሲለዩት ነው። የባሕር ኃይሉ ጠበቅ ያደርገዋል፤ መነሻው 20/40 ነው። የመነጽር ቁጥርዎ ዝቅተኛ ከሆነ መነጽርዎን አድርገው መብረር ይችሉ ይሆናል። መስፈርቱ ስለሚሻሻል የዘንድሮውን ከመኮንን መልማዩ ይጠይቁ። በዚያው ቀለም የመለየትና ርቀትን የመገመት ችሎታዎን ያስመርምሩ፤ ቀለም አለመለየትን ሌዘር አያድነውም። በግሪን ካርድ መኮንን መሆን እንደማይቻልም አይርሱ፤ ዜግነት ግድ ነው።

ሌዘሩ የሚያስፈልግ ከሆነ የመነጽር ቁጥርዎ መርጋቱን ይመልከቱ። የአምናውንና የዘንድሮውን ማዘዣ ጎን ለጎን ያስቀምጡ፤ ልዩነቱ ከግማሽ ዳዮፕተር በላይ ከሆነ ይቆዩ። ኮንታክት ሌንስ የኮርኒያን (የዓይኑን የፊት ግልጽ ሽፋን) ቅርጽ ስለሚለውጥ ከልኬቱ በፊት ሐኪሙ ባዘዘው ጊዜ ያውልቁት።

ከዚያ ዓይነቱን ይምረጡ። በላሲክ ኮርኒያው ላይ ስስ ክዳን ተከፍቶ ከሥሩ በሌዘር ይስተካከላል፤ ሰው ቶሎ ያገግማል፣ ነገር ግን ክዳኑ በኃይለኛ ምት ሊንሸራተት ይችላል። ፒአርኬ ክዳን የለውም። የላይኛው ቆዳ ተፍቆ እስኪተካ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ያማሉ፣ ጠብታውም ወራት ሊወስድ ይችላል። አየር ኃይሉ ሁለቱንም ይቀበላል፤ እኔ ጊዜ ላለው ሰው ፒአርኬን እመርጣለሁ። ኮርኒያን በምላጭ የሚሰነጥቀው አሮጌው ዘዴ ግን በሩን ይዘጋል።

አሁን ወደ ቀን ቆጠራው እንግባ። ወደ ጦሩ ለመግባት በሚደረገው የሕክምና ምርመራ ቀን ከቀዶ ሕክምናው 180 ቀን ማለፍ አለበት። በመካከሉ ቢያንስ በአንድ ወር ልዩነት የተወሰዱ ሁለት ልኬቶች ያስፈልጋሉ፤ የመጀመሪያው ከቀዶ ሕክምናው 90 ቀን ሳይሞላ የተወሰደ ከሆነ አይቆጠርም፣ በሁለቱ መካከልም ከግማሽ ዳዮፕተር በላይ ለውጥ መታየት የለበትም። ጃንዋሪ 10 ቢሠሩ የመጀመሪያው ልኬት ኤፕሪል 10፣ ሁለተኛው ሜይ አጋማሽ፣ ምርመራው ደግሞ ከጁላይ 9 በኋላ መሆኑ ነው። ይህ ሁሉ ያለ ችግር ከሄደ ነው። ከ180 ቀን በኋላም ጠብታ የሚፈልግ ዓይን አያልፍም፤ ስለዚህ ከሌዘሩ እስከ ምርመራው አንድ ዓመት ቢመድቡ ይሻላል። የበረራ ፈቃዱ ለብቻው በበረራ ሐኪሞች የሚታይ ሌላ ፋይል ነው። አየር ኃይሉ ለአብራሪነት ሥልጠና የዕድሜ ገደብ ስላለው ሃያዎቹን ያጋመሰ ሰው ከዚያ ወደ ኋላ ቆጥሮ ይነሣ። በአርኦቲሲ (በዩኒቨርሲቲ የመኮንኖች ሥልጠና) ያለ ወይም ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ደግሞ አለቃውን ሳያስፈቅድ ቀጠሮ እንዳይዝ።

ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ሌዘር የድሮውን ቁጥር አይሰርዘውም፤ ዛሬ 20/15 ቢያዩም ጦሩ ከቀዶ ሕክምናው በፊት የነበረውን ይጠይቃል። ያ ቁጥር በፕላስም በማይነስም ከ8 ዳዮፕተር፣ አስቲግማቲዝሙ ከ3 ከበለጠ መስፈርቱን አያሟሉም። «አልናገርም» ማለትም አያዋጣም፤ ከ2022 ጀምሮ በምልመላ ጣቢያዎች ሥራ ላይ የዋለው ኤምኤችኤስ ጄነሲስ የተባለ የጦሩ የሕክምና መዝገብ ሥርዓት የሲቪል ሕክምና መዝገቦችን ይስባል፣ መደበቅ ደግሞ በሕግ ያስጠይቃል።

ስለዚህ በቀዶ ሕክምናው ቀን ከክሊኒኩ ሳይወጡ ከሕክምናው በፊት የተለካውን ቁጥር፣ የኮርኒያ ካርታውንና የቀዶ ሕክምናውን ሪፖርት ኮፒ ይጠይቁ። ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ቀጠሮ የታዩበትን ወረቀት፣ ጠብታው የቆመበት ቀን የተጻፈበትን ጭምር፣ ወዲያው ይውሰዱ። ክሊኒክ ይዘጋል፣ ሐኪምም ቦታ ይቀይራል።